ተረቴን መልሱ

በእኛ አገር ተረት ነጋሪ ብቻውን አይጀምርም። «ተረት ተረት» ይላል፤ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ካልመለሱለት ወደ ነገሩ አይገባም። ሲጨርስም ዝም ብሎ አይነሣም። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። ይኼ ቤት እንዲመታ ብቻ የተባለ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኔ ግን ውል ነው እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ልጁ «ንገረኝ፣ እየሰማሁህ ነው» ብሎ ፈቃዱን ይሰጣል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ነጋሪው «ያበደርኳችሁን መልሱ፤ ተራው የእናንተ ነው» ይላል። ተረት ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሲንከባለል የኖረው በዚህ ውል ነው።

ዛሬ ተረቱ ከአፍ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀትም ወደ ባለቀለም ሥዕል ተሻግሯል። ለሕፃናት የሚዘጋጁ የተረት መጻሕፍት ከድሮው ይልቅ በዝተዋል፤ ይብዙም። ነገር ግን ነገሩ የልጆች መጽሐፍ ሲሆን «ልፋታቸው ይመስገን» ብሎ ማለፍ ልማድ ሆኖብናል። ልብ ወለድ ሲወጣ እንተቻለን፣ ግጥም ሲወጣ እንከራከራለን። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ በየማታው ሲያገላብጠው የሚከርመውን መጽሐፍ ግን ማንም አይመረምረውም። ለመሆኑ ልጅ ከአዋቂ ያነሰ አንባቢ ነው ያለው ማነው? አዋቂ መጽሐፉን አንድ ጊዜ አንብቦ መደርደሪያ ላይ ይጥለዋል። ልጅ ግን ሥዕሉ ጥግ ላይ ያለችውን ዶሮ እንኳ ሳትቀር ያውቃታል፤ አንድ ቃል ዘለህ ብታነብለት «እንደሱ አይደለም!» ብሎ ያርምሃል።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዤ ጥቂት መጻሕፍትን ላገላብጥ ነው። ተረታችንን በሥዕል መጽሐፍ የሚያወጡልን ሰዎች የተበደሩትን ይመልሳሉ ወይ?

ከታወቀው እንነሣ። እ.ኤ.አ. በ1950 ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው የኢትዮጵያን ተረቶች ሰብስበው በእንግሊዝኛ ኒው ዮርክ ላይ አሳተሙ። ኩርላንደር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኤርትራ፣ ጉራ ላይ የሠራ ተረት ሰብሳቢ ነው። ሌስላው ደግሞ ረጅም ዕድሜውን የኢትዮጵያን ሴማዊ ቋንቋዎች ሲያጠና የኖረ ሊቅ ነው። የመጽሐፉ ስም የተወሰደው «እሳት በተራራው ላይ» ልንለው ከምንችለው ተረት ነው።

ተረቱን የማያውቅ ካለ ባጭሩ ይኸውላችሁ። አንድ ባለጠጋ ከአሽከሩ ጋር ይወራረዳል። አሽከሩ ሱሉልታ ተራራ ጫፍ ላይ ያለ ልብስ፣ ያለ እሳት አንዲት ሌሊት ካደረ ቤትና ከብት፣ መሬትም ሊሰጠው። አሽከሩ ጨንቆት አንድ ብልህ ሽማግሌ ያማክራል። ሽማግሌው ከሸለቆው ማዶ እሳት ያነድለታል፤ አሽከሩም ሌሊቱን ሙሉ ያቺን እሳት እያየ፣ ሙቀቷን እያሰበ ያነጋል። ባለጠጋው ግን «እሳት አይተሃል፤ ውርርዱን ተበልተሃል» ይለዋል። ቢካሰሱ ዳኛው ለባለጠጋው ይፈርዳል። በዚህ ጊዜ አንድ ደግ ሰው ድግስ አለኝ ብሎ ባለጠጋውንም ዳኛውንም ይጠራል። የወጡ ሽታ ቤቱን ያውደዋል፤ ገበታ ግን አይቀርብም። እንግዶቹ ማጉረምረም ሲጀምሩ ባለቤቱ ይጠይቃቸዋል፤ ሽታ ካላጠገበ፣ ማዶ ያለ እሳት እንዴት አድርጎ ነው ሰው የሚያሞቀው?

እ.ኤ.አ. በ1994 ይህንኑ ተረት ጄን ከርትዝ ለሕፃናት በሥዕል መጽሐፍ አወጣችው። ከርትዝ የሚሲዮናውያን ልጅ ናት፤ ልጅነቷን ያሳለፈችው ማጂ ነው። በእሷ መጽሐፍ አሽከሩ ዓለማየሁ የሚባል ልጅ እግር እረኛ ሆነ፤ እህትም ተጨመረችለት። ሥዕሉን የሠራው ኢ. ቢ. ሉዊስ የተባለ አሜሪካዊ የውሃ ቀለም ሠዓሊ ነው። አሽከሩ ልጅ በመሆኑ አልጣላም። ተረት ሁልጊዜም ሰሚውን እያየ ይለወጣል፤ አያቶቻችንም ሰሚው ልጅ ሲሆን ባለታሪኩን ልጅ ያደርጉት ነበር። ዋናው ነገር የደሀው ክርክር መትረፉ ነው፤ እሱም ተርፏል።

ይህ ተረት ግን ለማንኛውም ሠዓሊ ከባድ ፈተና ነው። ማዶ ያለውን እሳት ምን ያህል አድርጎ ይሣለው? የተረቱ ፍርድ የተንጠለጠለው በዚህች ነጥብ ላይ ነው። ሠዓሊው እሳቱን አግንኖ፣ በቀይና በብርቱካን ቀለም ገጹን ሞልቶ ቢሥለው፣ ልጁ «ውይ ሞቆታል!» ይላል፤ ዳኛውም ልክ ሆነ ማለት ነው። እሳቱ መሆን ያለበት ልጁ በጣቱ ፈልጎ የሚያገኛት ቅንጣት ነው። የድግሱም ገጽ እንደዚሁ ነው። ሽታ አይሣልም። ሠዓሊው ችሎታዬን ላሳይ ብሎ የዶሮ ወጡን ከነዕንቁላሉ መሶቡ ላይ ከዘረገፈው፣ እንግዶቹ ያላዩትን ምግብ ልጁ አየው፤ የቀልዱ ጉልበት እዚያው ላይ ሞተ። ልጁ ከእንግዶቹ ጋር ባዶ ገበታ ፊት ቁጭ ማለት አለበት። ይህን ተረት የሚያወጣ መጽሐፍ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምገልጠው እነዚህን ሁለት ገጾች ነው። ሠዓሊው ተረቱን ገብቶት እንደሆነ ሌላ ምስክር አያስፈልገኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ይኼ ተረት የእኛ ብቻ አይደለም። ቱርኮች ስለ ናስረዲን ሆጃ ሲያወሩ በሩቅ መስኮት የምትታይ ሻማና በሻማ የማይፈላ ድስት አድርገው ይናገሩታል። እንግዲህ ክርክሩ የዓለም ከሆነ የእኛ የሆነው ምኑ ነው? የሱሉልታ ብርድ የእኛ ነው። ጋቢ ተገፎ ደጅ ማደር፣ ተጠርቶ ሄዶ ሳይቀመስ መመለስ የሚያመጣው ውርደት፣ ለባለጠጋ የሚያደላ ዳኛ፣ ዳኛን በግልጽ መስደብ ስለማይቻል በግብዣ የሚሰድብ ብልህ ሰው፣ እነዚህ የእኛ ናቸው። «ለዓለም ልጆች ሁሉ እንዲሆን» ተብሎ ይኼ ሁሉ ከተራገፈ የቀረው የማንም ተረት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌዬ የአንበሳዋ ፀጉር ጉዳይ ነው። ሴትዮዋ ቤቷ አልሰምር ብሏት መድኃኒት ፍለጋ ወደ አዋቂ ትሄዳለች። አዋቂው «የአንበሳ ፀጉር ካላመጣሽ አይሆንም» ይላታል። በየቀኑ ሥጋ እየወረወረች፣ በየቀኑ ትንሽ እየቀረበች አንበሳውን አላምዳ ፀጉሩን ነቅላ ታመጣለች። አዋቂውም «አንበሳ ያላመድሽ ሴት የቤትሽን ሰው ማላመድ እንዴት ያቅትሻል?» ብሎ ይሸኛታል። በዚህች ተረት ስም የተሰየመ የኢትዮጵያ ተረቶች ስብስብ ብሬንት አሻብራነርና ራስል ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1959 አሳትመዋል፤ ሁለቱም እኛ አገር የመማሪያ መጻሕፍት ሥራ ላይ የነበሩ አሜሪካውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ይህቺው ተረት በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት የሥዕል መጻሕፍት ወጣች። በናንሲ ሬይንስ ዴይ መጽሐፍ እንጀራ እናት የእንጀራ ልጇን ልብ ለማግኘት ትደክማለች። በጄን ከርትዝ መጽሐፍ ደግሞ በተቃራኒው አልማዝ የምትባል ልጅ የእንጀራ እናቷን ልብ ለማግኘት ትደክማለች፤ መካሪዋም አያቷ ናቸው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህችን ተረት ተማሪዎቼን አስነግራቸው ነበር። አብዛኞቹ የሚያውቋት በባልና ሚስት ነው። የአንዱ ባል ኃይለኛ ነው፣ የሌላዋ ባል ዝምተኛ፣ የሦስተኛው ከዘመቻ የተመለሰ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ «ባልየውስ ለምን አንበሳ አያላምድም?» ብላ ጠየቀች፤ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፣ ሰዓቱም በዚያው አለቀ። ተረት እንዲህ ነው። ጥያቄ አስነሥቶ ይሄዳል።

ታዲያ የትኛው ነው ትክክሉ? የሚለው ጥያቄ አያዋጣም። ሁለቱም የአሜሪካ መጻሕፍት ባልና ሚስቱን ትተው የእንጀራ እናትና ልጅ ጉዳይ መያዛቸው ለሕፃን አንባቢ ማሰባቸው ነው፤ ምርጫው አስተዋይነት አለበት። ለእኔ ከሁለቱ አልማዝ ትበልጥብኛለች፤ አንባቢዋ ልጅ ራሷ አንበሳው ዘንድ ስለምትሄድ። ችግሩ ያለው ሥዕልና ኅትመት ከአፍ የተለየ ጠባይ ስላላቸው ነው። አፍ አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ ይናገራል። የታተመ መጽሐፍ ግን «ይኼ ነው የኢትዮጵያ ተረት» ብሎ ይጸናል። ዋሽንግተን አካባቢ የተወለደ የእኛ ልጅ፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን መልክ የሚነግረው አያት አጠገቡ ከሌለ፣ መጽሐፉ ያለው ብቻ ይሆንበታል። እንዲያ ከሆነ ደግሞ ሥዕሉ ስለ አያቱ አገር ዋና ምስክር ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ሥዕል አድራሻ ያስፈልገዋል። ብዙ መጻሕፍት ላይ የማየው ግን አድራሻ የሌለው አፍሪካ ነው። ጀንበር ትጠልቃለች፣ ጠፍጣፋ ግራር ይቆማል፣ ከሥሩ ገለባ ክዳን ጎጆ፣ ከጎጆው ፊት ቢጫ አንበሳ። የእኛ አንበሳ እኮ ጥቁር ጎፈር አለው! ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ያየ የአዲስ አበባ ልጅ ያውቀዋል። ቤታችንስ አንድ ዓይነት ነው? የዶርዜ ቤት እንደ ንብ ቀፎ ሽቅብ የወጣ የቀርከሃ ሥራ ነው። የአፋር ቤት በግመል ተጭኖ የሚሄድ ነው። የሐረር ቤት ከውስጥ መደብ በመደብ፣ ግድግዳው በስፌት የተሞላ ነው። የአፋሩ ተረት በመንዝ ጎጆ፣ የሐረሩ ተረት በገለባ ቤት ሲሣል ልጁ ሁለት ጊዜ ይታለላል፤ የራሱ ቤት ይጠፋበታል፣ የጎረቤቱንም አያውቅም። የእኛው ሠዓሊዎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። «ከዕለታት አንድ ቀን፣ በጥንት ዘመን» ከሚል ጽሑፍ ጀርባ የባሕር ዛፍ ደን የተሣለባቸውን ገጾች አይቻለሁ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባ ዛፍ ነው። ልጅ ይኼን አያውቅም ትሉኝ ይሆናል። ልጅ ስለማያውቅ ነው እኮ ሠዓሊው ማወቅ ያለበት።

ሥዕል ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ፊደል ላልቆጠረ ምእመን የተዘጋጀ የሥዕል መጽሐፍ ነበር። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአርባ አራት ክፍል ከፋፍለው፣ ተራ በተራ የሚተርኩ ሥዕሎች በየሱቁ ተሰቅለው ያየናቸው ናቸው። በአሮጌው የአሣሣል ሥርዓት ደጉ ሰው ከፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉው ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ። ለሕፃናት መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ መላ ከየት ይመጣል? እስቲ አያ ጅቦን በአንድ ዓይን ሣሉት! ልጁ ገጹን ሳይገልጥ «ይኼ ሰውዬ አይታመንም» ይላል። ይህን ሀብት ለቱሪስት ሸጠነው፣ ልጆቻችንን ግን ከውጭ ካርቱን በተቀዳ ትልቅ ዓይን ጥንቸል እናሳድጋለን።

እስካሁን የነካሁት ባብዛኛው የውጭ ሰዎችን ነው፤ እነሱን መውቀስ ቀላል ነው፤ ጭብጨባም ያስገኛል። ከባዱ የእኛው ነው። የባሰውን ጥፋት ያየሁት በእኛው ቋንቋ፣ በእኛው ሰዎች በተዘጋጁ ቀጫጭን መጻሕፍት ላይ ነው።

የአህያዋን ኃጢአት የማያውቅ ይኖራል? ዝናብ ይጠፋል። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ይሰበሰቡና «ከእኛ መሀል ኃጢአት የሠራ አለ፤ እንናዘዝ» ይባባላሉ። አንበሳው ወይፈን መብላቱን ይናዘዛል፤ «ይኼማ ኃጢአት አይደለም» ይሉታል። ነብሩ ፍየል፣ ጅቡም ዶሮ መውሰዱን ይናገራል፤ «እሱም ኃጢአት አይደለም» ይባላል። አህያ ግን «ጌታዬ መንገድ ላይ ቆሞ ሲያወራ ትንሽ ሣር ቀጭቻለሁ» ትላለች። «ዝናቡን ያስቀረሽብን አንቺ ነሽ!» ብለው ዘለው ይበሏታል። «አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» የሚለውም አባባል የዚችው የአህያ ምሬት ነው።

ይህ ተረት ላቆየችው አገር የፖለቲካ ትምህርት ቤት ነው። ዳኛውና ከሳሹ አንድ ሲሆኑ፣ ንጹሑ በእውነተኛነቱ ሲቀጣ ምን እንደሚመስል በአንድ ገጽ ያሳያል። በቅርቡ ከአንድ አዟሪ የገዛሁት ባለሥዕል መጽሐፍ ግን (ርእሱን አልጠቅስም) አህያዋን አትርፏታል። እንስሶቹ ይቅር ይሏታል፣ ዝናብ ይዘንባል፣ አንበሳውና አህያዋ ተቃቅፈው ወንዝ ይወርዳሉ። የመጨረሻው ገጽ ላይ በወፍራም ፊደል «ከዚህ ተረት ምን እንማራለን?» የሚል ጥያቄ አለ። መልሱም ከሥሩ ተጽፏል፦ ሳናስፈቅድ የሰው ንብረት መንካት የለብንም።

ጉድ በሉ! ወይፈን የበላው አንበሳ በነፃ ሄደ፤ ጥፋተኛዋ ሣር የቀጨችው አህያ ሆነች። አዘጋጁ ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ልጆቹን ሊያዝናና፣ ሥነ ምግባርም ሊያስተምር አስቦ ነው። ሳያውቀው ግን ከአንበሳው ጎን ቆሞ ፈረደ። ጅቡና ነብሩ በሰበሰቡት ችሎት ላይ አራተኛ ዳኛ ሆነ።

«ልጆች እንዳይፈሩ ነው» የሚል መልስ አለ። አከብረዋለሁ፤ ወላጅ ስለ ልጁ እንቅልፍ ቢጨነቅ ትክክል ነው። ነገር ግን ልጅ ግፍን የሚያውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ትምህርት ቤት ጉልበተኛው ልጅ ደብተሩን ቀዶ፣ አስተማሪው ደግሞ እሱን ሲቀጣው ያውቀዋል። ተረቱ የሚሰጠው ያየውን ነገር የሚጠራበት ስም ነው። አህያዋ ስትበላ ልጁ ተቆጥቶ «ልክ አይደለም!» ብሎ ከጮኸ ተረቱ ሥራውን ጨረሰ፤ «የላም በረት» ብሎ የጀመረው ልጅ ተራው ደርሶ ተናገረ ማለት ነው። አህያዋን ካተረፍንለት ግን የሚለው ነገር የለውም። ከዚያ ላይ ደግሞ መልሱን በወፍራም ፊደል ከጻፍንለት ጭራሹን አፉን ዘጋነው።

ምክር ጠልቼ አይደለም። ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» ለአገር ልጅ ሁሉ ምክር ሰጥተዋል፤ ግን ምክሩን በግጥም ስለሰጡ ልጁ ይዞት እየዘለለ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። አባባ ተስፋዬም ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩ፣ በ2009 ዓ.ም. እስካረፉም ድረስ ሲወደዱ የኖሩት መካሪ ስለነበሩ ብቻ አይደለም። ልጆቹን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ጆሮ ሰጥተው እነሱንም ያስነግሩ ነበር። «ምን እንማራለን?» የሚለው የመጨረሻ ገጽ ግን ከተረት ቤት የመጣ አይደለም፤ ከፈተና ወረቀት የመጣ ነው።

በጎ ምሳሌ የለንም ወይ? አለን። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው ሲሠሩ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ እጦት አንገበገባቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝኛና በአማርኛ፣ በሥዕል የወጣውን የሞኙን የማሞን ተረት አሳተሙ። ትናንት የተመከረውን ዛሬ ሌላ ነገር ላይ እየሠራበት ጉድ የሚያፈላው ልጅ ነው፤ እሱም ዘመድ በየአገሩ ያለው ተረት ነው። ወዲያው በማግስቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ ቀጥሎም አዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት መጣ። (አህያዋ በዚህ ተካሰች ልበል?) መጽሐፉን የምወደው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማሞ ሞኝ ነው፤ ማንም አስተካክሎ ጎበዝ ተማሪ አላደረገውም። ሁለተኛ፣ ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ሥዕል ይጋራሉ። ውጭ አገር ያለች አያት አማርኛውን፣ የልጅ ልጇ እንግሊዝኛውን ይዘው አንድ ላይ ሊስቁ ይችላሉ። ልጁ አንድ ቃል ሲጠይቃት ተረቱ ከወረቀት ተነሥቶ ወደ አፍ ተመለሰ ማለት ነው።

ሌላዋ ኤልዛቤት ሌርድ ናት። ይህች እንግሊዛዊት ደራሲ በወጣትነቷ አዲስ አበባ አስተምራለች። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከብሪቲሽ ካውንስልና ከየክልሉ ትምህርት ቢሮዎች ጋር ሆና በየክልሉ ዞረች፤ ተረቶቹን ከየቋንቋው እያስተረጎመች ሰበሰበች። ለተማሪዎች ቀላል የእንግሊዝኛ ማንበቢያ ወጣባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2000ም ለሕፃናት መጽሐፍ ሆነው ታተሙ። የጉዞዋንም ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2013 ጽፋዋለች። ከሁሉ የወደድኩላት ግን ስብስቡ ይፋ ሲሆን ከየተረቱ ጋር የነጋሪው ስም መቀመጡ ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። እኛ ግን «አዘጋጅ» ብለን የራሳችንን ስም ሽፋኑ ላይ እንጽፍና የነገሩንን እናት «ከሕዝብ የተገኘ» ብለን እናልፋቸዋለን። ሕዝብ ስም የለውም እንዴ?

ይህ ጥያቄ እኛን ብቻ የሚመለከት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ጄራልድ ማክደርሞት የፑዌብሎ ሕዝቦችን ተረት በሥዕል አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ1975 የአገሪቱን ትልቁን የሥዕል መጽሐፍ ሽልማት፣ ካልደኮትን፣ ተሸልሟል። ሥዕሉ ውብ ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ኪቫ የሚሉትን የሥርዓታቸውንና የትምህርታቸውን ቅዱስ ቤት ልጁ ከአንበሳና ከእባብ የሚታገልበት ቦታ ስላደረገው፣ ከፑዌብሎ የወጡ ተቺዎች መጽሐፉን አጥብቀው ነቅፈውታል። አንድ እንግዳ ሠዓሊ መቅደሳችንን የትግል ሜዳ አድርጎ ቢሥለው ምን እንደምንል አስቡት። መልሱ «የውጭ ሰው አይንካው» አይደለም፤ ማጂ ያደገችው ከርትዝ ከብዙዎቻችን በላይ ለዚህ ተረት ሠርታለች። መልሱ ተበዳሪው ከማን እንደተበደረ ይወቅ፣ ይናገር፣ ባለቤቱንም ይጠይቅ ነው። እኛም አዲስ አበባ ተቀምጠን የሐመርን ወይም የጉሙዝን ተረት ስናወጣ ለእነሱ እንግዶች ነን።

አሳታሚዎች የሚሉትን አውቃለሁ። ወረቀት ውድ ነው፣ ባለቀለም ኅትመት ከዚያ የባሰ ነው፣ ወላጅ ደግሞ ለልጁ ጫማ እንጂ መጽሐፍ አይገዛም። እውነት ነው። ነገር ግን እኔ የዘረዘርኩት ስሕተት አንዱም ከቀለም እጦት የመጣ አይደለም። እሳቱን ትንሽ አድርጎ መሣል ያነሰ ቀለም ነው የሚፈጀው። «ምን እንማራለን?» የሚለውን ገጽ ማስቀረት ወረቀት ይቆጥባል። የነጋሪዋን ስም መጻፍ አንዲት መስመር ነው። የአፋርን ቤት አይቶ መሣል የአውቶቡስ ትኬት ይፈልጋል፤ እሺ እሱ ወጪ ነው።

ወላጆችንም አንድ ነገር ልበል። መጽሐፉን ገዝታችሁ ለልጁ ወርውራችሁ ወደ ስልካችሁ አትመለሱ። የሥዕል መጽሐፍ ብቻውን ተረት አይነግርም፤ ነጋሪ የሌለው ሥዕል ነው። አንብቡለት፤ የእናታችሁ ተረት ከመጽሐፉ የሚለይ ከሆነም «አያትህ ግን እንደሱ አልነበረም የምትለው» በሉት። ሁለት መልክ ያለው ተረት የሰማ ልጅ ሦስተኛውን ራሱ ይፈጥራል። ከዚያ መጽሐፉን ክደኑና እሱ ይንገራችሁ። ይሳሳት፣ አንበሳውን ዝሆን ያድርገው፣ አህያዋን ከፈለገ እሱ ያትርፋት። እሱ ሲያተርፋት ሌላ ነገር ነው፤ ግፉን አይቶ፣ ተቆጥቶ ነው ያተረፋት። ከጨረሰም በኋላ ዳቦውን አትርሱ።